ሳውዝ ዳኮታ «ታክስ የለም» የሚባለው እውነት ነው? ወንድሜ ከቨርጂኒያ ነቅሎ ሊሄድ ነው

የሮቢቷ (ደሴ)፦

ሰላም የአገሬ ልጆች እንደምን ናችሁ። ውጪ ያላችሁ ወይም የታክስ ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። ታላቅ ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፣ የቤት ኪራዩ ወገቡን ቆርጦታል፣ እና አሁን ሲዩ ፎልስ የሚባል ከተማ ያለ አንድ የሰፈራችን ልጅ «ምን ትሰራለህ እዚያ፣ ና ወደኛ፣ ሳውዝ ዳኮታ ስቴት ታክስ የሚባል ነገር የለም፣ ደሞዝህን ሙሉዋን ነው የምትቀበለው» እያለ ጠዋት ማታ ይደውልለታል። ወንድሜም ልቡ ሸፍቷል። የሚተርፈኝን ለጀመርነው ቤት ቆርቆሮ እልካለሁ ብሎ እማዬን ሊያሳምናት ሞከረ፣ እሷ ግን አራዳ ሱቅ ይዛ ስንት ዘመን ግብር የከፈለች ሴት ስለሆነች «ግብር የማይሰበስብ መንግስት መንገዱን በምን ይሰራዋል? በረዶውንስ ማን ይጠርገዋል?» ብላ ጠየቀችው፣ እሱም መልስ አጣ፣ ይኸው እኔን ጠይቂ ብላኛለች።

ጉግል ሳደርግ ግማሹ ገነት ነው ይላል ግማሹ ደግሞ ድሃ የሚከፍልበት ስቴት ነው ይላል። የሚኖርበት ሰው ይንገረኝ። አስቤዛ ላይ ታክስ አለ ወይ? ደግሞ እሱ ቀድሞ ሄዶ ስራ ሊጀምር፣ ሚስቱ ልጆቹ ትምህርት እስኪዘጉ ቨርጂኒያ ልትቆይ ነው ሀሳባቸው፣ እንደዛ ከሆነ ለየትኛው ስቴት ነው የሚከፍለው? ወላሂ ግራ ገብቶኛል።

ጦሳ_ስር፦

ታክስ የሌለበት አገር ከተገኘ እኔንም ጻፉኝ፣ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ብቻ ይሁን ሃሃሃ

ወሎዬ_ከፎልስ፦

እህቴ አብሽሪ፣ እኔ እዛው ሲዩ ፎልስ ነኝ፣ ስጋ ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ ሐበሻ በደንብ አለ፣ ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም እንጀራውም አይቸግርም። የሰፈራችሁ ልጅ አልዋሸም ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። ደሞዝ ላይ የስቴት ኢንካም ታክስ (የገቢ ግብር) የለም፣ ይሄ ልክ ነው። «ሙሉዋን» የሚለው ግን ወሬ ነው፣ ለጡረታው ሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ለአዛውንቶች ሕክምና ሜዲኬር 1.45 በመቶ፣ ከዚያ የፌዴራሉ ኢንካም ታክስ፣ እነዚህ ቨርጂኒያ ኖርሽ አላስካ ኖርሽ ከቼክሽ ላይ ይነሳሉ።

እና ስቴቱ በምን ይኖራል ካልሽ ከገበያው ነው የሚኖረው። ሴልስ ታክሱ፣ ዕቃ ስትገዢ የሚታሰበው ማለት ነው፣ ለስቴቱ 4.2 በመቶ ነው፣ ከተማው 2 በመቶ ይደርባል፣ 6.2 ሆነ ማለት ነው። ቁጥሩን ብቻ ካየሽው ወንድምሽ ካለበት ብዙ አይርቅም፣ እዚያም ሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ ነው። ነገሩ ያለው አስቤዛው ላይ ነው። እዚህ ወተቱም እንቁላሉም ሩዙም ዘይቱም ሽንኩርቱም ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ 6.2 ይታሰብበታል፣ ቨርጂኒያ ግን በፈረንጆቹ ከ2023 ጀምሮ ምግብ ላይ 1 በመቶ ብቻ ነው የሚወስዱት። ሬስቶራንት ከገባሽ ከተማው ሌላ 1 በመቶ ይጨምራል። ፀጉርሽን ብትሰሪ፣ መኪና ብታሰጠግኚ፣ ቧንቧ ሰራተኛ ብትጠሪ እሱም ይታክሳል፣ ብዙ ስቴት እንዲህ ያለው አገልግሎት ላይ አይደርሱበትም እነዚህ ግን አብዛኛውን አያልፉም። ኦንላይን ልዘዝ ብትዪም ያው ነው፣ እንዲያውም በኢንተርኔት የተሸጠ ዕቃ ላይ ስቴቶች ታክስ እንዲያስከፍሉ በሩን የከፈተው የዚሁ የሳውዝ ዳኮታ ክስ ነው፣ ዌይፌር ከሚባለው ሻጭ ጋር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በፈረንጆቹ 2018 ረቱ። ኢንካም ታክስ የሌለው ስቴት ሰው ከሱቅ ወጥቶ ስልኩ ላይ መግዛት ሲጀምር ምን ይብላ፣ ስለዚህ ሞተው ነው የተከራከሩት።

ምግብ ላይ ያለው ይነሳ የሚል ክርክር ደግሞ እዚህ ሁሌ ያለ ነው። የዚያን ጊዜዋ ገዥ ኖም በ2022 ምርጫ ላይ አነሳዋለሁ ብላ ነበር፣ ምክር ቤቱ ምግቡን ትቶ በ2023 ጠቅላላውን ከ4.5 ወደ 4.2 ዝቅ አደረገው፣ ያውም እስከ 2027 ተብሎ። በ2024 ኅዳር ለህዝብ ድምፅ ቀረበና ህዝቡ ራሱ አይነሳ ብሎ መረጠ! እኔ ማመን አቅቶኝ ነበር፣ በየቀኑ እንቁላል የሚገዛ ሰው እንቁላል ላይ ያለው ታክስ ይቅር ሲሉት አይ ይቆይልኝ ይላል? ተቃዋሚዎቹ ሲሉ የነበረው ካዝናው ይጎድላል፣ የጎደለው በሌላ ይመጣባችኋል ነው፣ ሰዉም እዚህ ኢንካም ታክስ የሚለውን ቃል ሲሰማ ይደነግጣል።

ለእማዬ ደግሞ እንዲህ በያት፦ መንገዱ የሚሰራው በአብዛኛው ነዳጅ ላይ በሚከፈል ነው፣ በጋሎን 28 ሳንቲም ለስቴቱ አለ፣ ከፌዴራልም ብዙ ይመጣል። ትምህርት ቤቱና ካውንቲው ደግሞ ቤትና መሬት ላይ በሚከፈለው በፕሮፐርቲ ታክስ ነው የሚተዳደሩት። በረዶው ይጠረጋል፣ እሱን አታስቢ በያት፣ ብርዱን ግን ማንም አይጠርገውም።

የሮቢቷ፦

ወንድሜ ክበርልኝ። እማዬ የነዳጁን ስነግራት «አሃ እንደዛ በሉኝ» አለች። ግን እኮ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይትረፈው አይትረፈው አልገባኝም፣ በቁጥር የሚነግረኝ የለም?

የሒሳብ_ሰው (ኮምቦልቻ)፦

ልጄ እኔ ቨርጂኒያ ስኖር በየዓመቱ ከጥር እስከ ሚያዝያ የሰው ታክስ መሙላት ነበር ስራዬ፣ አሁን ኮምቦልቻ ገብቻለሁ ግን ሕጉን እከታተላለሁ፣ ሱስ ሆኖብኝ ነው። ወንድምሽ ምን ያህል እንደሚያገኝ አልነገርሽንም፣ መልሱ ያለው እሱ ላይ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ይሄ ስቴት ጥሩ ነው ያ መጥፎ ነው ይላል እንጂ ለማን የሚለውን አይጠይቅም።

እንበል ባልና ሚስት አንድ ላይ በዓመት 60 ሺህ ዶላር ያስገባሉ። ቨርጂኒያ ለባልና ሚስት ከታክስ ነፃ የምታደርገው 17,500 አለ፣ በነፍስ ወከፍ ደግሞ 930፣ አራት ስለሆኑ 3,720። ታክስ የሚቆጠረው እንግዲህ በቀረው 38,780 ላይ ነው። የቨርጂኒያ ኢንካም ታክስ ከ2 በመቶ ይጀምርና ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ያለው ላይ 5.75 ይደርሳል፣ ስትደምሪው ወደ 2 ሺህ ዶላር ግድም ይመጣል። ይሄ ሲዩ ፎልስ ቢሄዱ የለም። በሌላ በኩል በወር የ900 ዶላር አስቤዛ ቢገዙ ቨርጂኒያ 9 ዶላር ነው ታክሱ፣ ሲዩ ፎልስ ወደ 56 ዶላር ይሆናል፣ በዓመት ልዩነቱ 560 ዶላር አካባቢ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ የመኪና ታክስ የምትባል የማትወደድ ነገር አለች፣ መኪናሽ ቆማም ብትውል ከተማው በየዓመቱ በዋጋዋ ልክ ያስከፍልሻል፣ ሳውዝ ዳኮታ ይሄ የለም፣ መኪና ስትገዢ 4 በመቶ ትከፍያለሽ፣ በየዓመቱ የሰሌዳ፣ በቃ። ስለዚህ በ60 ሺህ ዶላር ገቢ ወንድምሽ ይተርፈዋል፣ በወር መቶ ዶላር ከፍ ያለ ቢተርፈው ነው፣ የሰፈራችሁ ልጅ እንደሚያወራው ግን አይደለም።

አሁን ደግሞ ገቢያቸው 35 ሺህ ነው እንበል፣ አንዱ ብቻ ቢሰራ ለምሳሌ፣ እሱ ቀድሞ ሄዶ እሷ ስራ እስክታገኝ እንዲህ መሆኑ አይቀርም። የቨርጂኒያው ታክስ 560 ዶላር ገደማ ይመጣል። ግን ሁለት ልጅ ያለው በዚህ ገቢ የሚኖር ቤተሰብ ፌዴራሉ ለሚሰራ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው የሚሰጠው ክሬዲት ከ6 ሺህ ዶላር በላይ ያገኛል፣ ቨርጂኒያ ከዚያ ላይ የራሷን ድርሻ ትጨምራለች፣ ድርሻዋ ከታክሱ ስለሚበልጥ የተረፈውን ቼክ አድርጋ ትሰጣለች። ታክስ ከፍሎ ሳይሆን ተቀብሎ ነው የሚወጣው! ሳውዝ ዳኮታ ኢንካም ታክስ ስለሌላት ይሄን የምትመልስበት ነገር የላትም፣ የፌዴራሉ እንጂ የስቴቱ ክሬዲት የለም፣ አስቤዛው ላይ ያለው 6.2 ግን አለ። እንግዲህ በዚህ ገቢ ታክስ የለም የተባለው ስቴት ነው ብዙ የሚወስደው። ፉድ ስታምፕ (መንግስት ለምግብ የሚሰጠው እርዳታ) ካላቸው ብቻ በዚያ ካርድ የተገዛ ምግብ ላይ ሴልስ ታክስ አይታሰብም፣ ያ የፌዴራል ሕግ ነው የትም ቢሆን ይሰራል፣ ስለዚህ ካሼሯ ብታሳስብ እንኳ ይጠይቁ።

ይሄ የኔ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ የታክስና ኢኮኖሚ ፖሊሲ ተቋም የሚባለው በ2024 ስቴቶችን ሁሉ ሲያስተያይ ሳውዝ ዳኮታ ከገቢያቸው አንፃር ድሆች ከሀብታሞች በላይ በመክፈል ከሚብሱት የመጀመሪያዎቹ አስር ስቴቶች ውስጥ ናት። ቴክሳስም ፍሎሪዳም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ ሦስቱም ኢንካም ታክስ የሌለባቸው። ሚሊዮን የሚያገኝ ዶክተር እዚያ ቢገባ ይጠቀማል፣ ስጋ ፋብሪካ የገባ ልጅ የሚጠቀመው በደሞዙና በኪራዩ ከሆነ ነው እንጂ በታክሱ አይደለም።

ጦሳ_ስር፦

ጋሼ ይሄን ሁሉ በቃልዎ ነው ወይስ ኤክሴል ከፍተው? ለማንኛውም ሻንጣዬን ፈታሁ

ሚኒሶታ_ሐይቅ፦

ሰላም፣ እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ ሚኒሶታ ዎርዚንግተን ነው ያለሁት፣ ከሲዩ ፎልስ በመኪና ቅርብ ነው፣ እና ይሄን ክርክር እኛ ቡና በጠጣን ቁጥር ነው የምናደርገው ሃሃ። ሚኒሶታ ኢንካም ታክስ አለ፣ ትንሹ 5.35 በመቶ ትልቁ 9.85፣ ሰው ይሄን ሰምቶ ይሸሻል። ግን እዚህ አስቤዛ ላይ ሴልስ ታክስ የለም፣ ልብስ ላይ የለም፣ ዳይፐር ላይም የለም፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ በልጅ 1,750 ዶላር ከስቴቱ ያገኛል። እኔ ሶስት ልጅ አለኝ፣ ባለቤቴ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ለኛ ሚኒሶታ ነው የሚሻለን። ላጤ የሆነው የጓደኛዬ ወንድም ደግሞ ሲዩ ፎልስ ገብቶ በጣም ደስ ብሎት ነው የሚኖረው፣ ሁለት ሺፍት ይሰራል፣ ምግቡን ፋብሪካው ካፌ ይበላል፣ ምን ጎደለው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ እዚህ አካባቢ ስቴቶቹ ስለሚዋሰኑ ሰዎች ሲዩ ፎልስ እየኖሩ ሚኒሶታ ይሰራሉ፣ ከዚያ ታክስ የለብኝም ብለው ያስባሉ። የሰሩበት ስቴት ሚኒሶታ ስለሆነ ደሞዙ ላይ የሚኒሶታ ታክስ አለበት። ሚኒሶታ ከኖርዝ ዳኮታ ጋር እንጂ ከሳውዝ ዳኮታ ጋር ስምምነት የላትም። የኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ይሄን የሚያውቁት ደብዳቤ ሲመጣላቸው ነው።

የሮቢቷ፦

ጋሼ አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ለወንድሜ በሙሉ ኮፒ አድርጌ ልኬለታለሁ። አንድ ላይ ወደ 58 ሺህ ነው የሚያገኙት አለ፣ ሚስቱ ካልሰራች ግን 34 ነው። ዝም አለ ከዚያ ሃሃ። አሁን ሌላ ሀሳብ አመጣ፣ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጥቶ ትራክ ሊነዳ ነው፣ ስቴት እየዞረ ለሚነዳ ሰው ሳውዝ ዳኮታ መኖር ጥሩ ነው ብለውታል። ደግሞ ያ የመጀመሪያው ጥያቄዬ አልተመለሰልኝም፣ እሱ እዚያ እሷ እዚህ ሲሆኑ የሚለው።

18_ጎማ፦

ትራክ እነዳለሁ፣ የኩርኩር ልጅ ነኝ። የትራኩ ነገር እውነት ነው፣ የፌዴራል ሕግ አለ፣ ከስቴት ስቴት የሚመላለስ ሹፌር ደሞዙ ላይ ኢንካም ታክስ የሚያስከፍለው የሚኖርበት ስቴት ብቻ ነው፣ ሃያ ስቴት ብታልፍ ሃያዎቹም አይጠይቁህም። ስለዚህ ሹፌር ኢንካም ታክስ የሌለበት ስቴት ከኖረ ተጠቃሚ ነው፣ አስቤዛውንም በየመንገዱ ነው የሚገዛው። ግን መኖር ማለት መኖር ነው! ሳውዝ ዳኮታ አንድ ሌሊት አድረህ ደረሰኝ ይዘህ ብትሄድ መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች፣ በተሽከርካሪ ቤት እየዞሩ የሚኖሩ ጡረተኛ ፈረንጆች ሁሉ እዚያ ናቸው በወረቀት፣ ይሄን የሰሙ የኛ ልጆች ሚስትና ልጅ ሌላ ስቴት አስቀምጠው እዚያ የፖስታ አድራሻ ያወጣሉ። ቤተሰቡ ያለበት ስቴት ደግሞ ሞኝ አይደለም። ቤትህ ያለው፣ ሚስትህ ያለችው፣ ልጅህ የሚማረው፣ መኪናህ የቆመው የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ሰው በዚህ ሲጠየቅ አይቻለሁ፣ የሶስት ዓመት ወደኋላ ከነወለዱ።

የሒሳብ_ሰው (ኮምቦልቻ)፦

ልጁ ልክ ብሏል። ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ሚስቱ ቨርጂኒያ እየሰራች ከቆየች የሷ ደሞዝ የቨርጂኒያ ነው፣ በዚህ ክርክር የለም። የሱ ደግሞ በእርግጥ ነቅሎ ከሄደ፣ ቤት ከተከራየ፣ መንጃ ፈቃዱን ከቀየረ፣ ከሄደበት ቀን በኋላ ያገኘው ደሞዝ ቨርጂኒያን አይመለከትም፣ የዚያን ዓመት ታክስ የሚሞሉት 760ፒዋይ በሚባለው፣ ዓመቱን በከፊል ለኖረ ሰው በሚሆነው ፎርም ነው። ሊመለስ አስቦ ሞክሮ ለማየት ከሄደ ግን፣ ቤቱም ቤተሰቡም አሌክሳንድሪያ ስለሆነ ቨርጂኒያ አሁንም የኔ ነዋሪ ነህ ብትለው ይፈረድባታል ለማለት ይቸግራል። ቨርጂኒያ ውስጥ መኖሪያ ይዞ በዓመት ከ183 ቀን በላይ የኖረ ሰው ደግሞ ባይፈልግም ነዋሪ ነው። ስለዚህ የሄደበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት፣ የኪራይ ውሉን፣ የመጀመሪያዋን የደሞዝ ቼክ ያስቀምጥ።

ቤት መግዛት ካሰበ ይሄንንም ይወቅ፦ እዚያ የስቴት ፕሮፐርቲ ታክስ የለም፣ ሁሉም ለትምህርት ቤት ለካውንቲና ለከተማ ነው የሚሄደው፣ በዓመት ከቤቱ ዋጋ ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ራሱ የሚኖርበት ከሆነ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ተብሎ ይመዝገብ፣ ዝቅ ያለ ነው የሚታሰብለት፣ ማመልከቻው እስከ ማርች 15 ነው፣ አዲስ የገባ ሰው ይሄን ሳያውቅ ዓመቱን ሙሉ እንደ አከራይ ይከፍላል። ተከራይም ቢሆን አልዳነም፣ አከራዩ ኪራዩ ውስጥ ይከተዋል። ከተማ ወጣ ብለሽ ገጠሩን ካየሽ ደግሞ የበለጠ ጉድ አለ፣ ስቴቱ በሙሉ ሕዝቡ 9 መቶ ሺህ ገደማ ነው፣ ትንሽ ከተማ ያለ ትምህርት ቤት በጀቱ ሲያንሰው ቦርዱ ከተወሰነው ጣሪያ በላይ ፕሮፐርቲ ታክስ ልሰብስብ ብሎ ይወስናል፣ ነዋሪው ፊርማ አሰባስቦ ድምፅ እንዲሰጥበት ያስደርጋል፣ ጎረቤትና ጎረቤት ይኳረፋል። የእርሻ መሬቱ የሚገመተው ቢሸጥ በሚያወጣው አይደለም በሚያፈራው ልክ ነው፣ እሱ ጥሩ ሕግ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ 2016ም ሴልስ ታክሱን ከ4 ወደ 4.5 ያሳደጉት የአስተማሪ ደሞዝ ከአገሩ ሁሉ መጨረሻ ሆኖባቸው ነው፣ አስተማሪው ወደ ሚኒሶታ እየኮበለለ። አየሽ፣ ታክሱ ዝቅ ሲል የሚጎድለው አስተማሪ ነው፣ ሁለት ልጅ ላለው ሰው ይሄም ሒሳብ ነው።

ቦርከና፦

ጋሼ ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ፣ እኛስ? ማለቴ ክልላችን የራሱ ግብር አለው አይደል፣ ለምንድነው እኛ አገር ሰው ግብር ሸሽቶ ከአማራ ወደ አፋር ሎጊያ ሄደ ሲባል የማንሰማው?

የሒሳብ_ሰው (ኮምቦልቻ)፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሕገ መንግስቱ አንቀጽ 97 ለክልል ብዙ ሰጥቷል፣ የክልሉን ሰራተኛና የግል ድርጅት ሰራተኛውን የደሞዝ ግብር፣ የገበሬውን፣ የግለሰብ ነጋዴውን፣ የመሬት መጠቀሚያውን። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሰራ ልጅ ከደሞዟ የሚቆረጠው የክልል ገቢ ነው፣ ኩባንያው የሚከፍለው የትርፍ ግብር ደግሞ በአንቀጽ 98 የፌዴራሉና የክልሉ የጋራ ነው፣ ጉምሩክ በሙሉ የፌዴራል ነው። ግን ስልጣኑ ቢኖርም ክልሎቹ መጠኑን ተቀራራቢ ነው ያደረጉት፣ የፌዴራሉን አዋጅ እያዩ የራሳቸውን ያወጣሉ፣ ስለዚህ ሎጊያ ብትሄድ የምታመልጠው ግብር የለም ሙቀቱ ብቻ ነው የሚጠብቅህ። ሚኒሶታና ሳውዝ ዳኮታ ግን አንድ ወንዝ ሳይለያቸው ሁለት ዓለም ናቸው።

ደሞዝተኛው ላይ በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ነፃው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ ይሄ ያግዛል። ምግብ ላይ ደግሞ ሰኞ ገበያ ገብተህ ጤፍ ስትሸምት ቫት ክፈል የሚልህ የለም፣ በዚህ በዚህ ከሳውዝ ዳኮታ ሳንሻል አንቀርም። አሁን ክልሎችና ከተሞች እያሰቡ ያሉት የንብረት ታክሱ ነው፣ አዋጁ በእኛው 2017 ወጥቷል፣ ዝርዝሩን ክልሉ ነው የሚያወጣው፣ እሱ ሲመጣ የጣሪያና ግድግዳ ስንለው ከነበረው ይከብዳል ብዬ ነው የማስበው፣ ቤት ያላችሁ ጆሯችሁን ክፈቱ።

ጦሳ_ስር፦

እህታችን ቆርቆሮውን ሳይመታ ታክሱ ደረሰባት በሉኛ

የሮቢቷ፦

ኧረ ተወኝ! እኔ ገና ግድግዳ ላይ ነኝ።

ወንድሜ አነበበው፣ ከሚስቱም ጋር ተነጋገሩ። ሚስቱ ሲዩ ፎልስ ስራ ሳላገኝ አልንቀሳቀስም ብላለች፣ እውነቷን ነው፣ በአንድ ደሞዝ ከሆነ የሚያተርፉት የለም። ስለዚህ ልጆቹ ሲዘጉ አንድ ላይ ሄደው አይተው ይወስናሉ፣ እስከዚያ እሱ ሲዲኤሉን እዚያው ይጀምራል። ወሎዬ_ከፎልስ ባለ ሁለት መኝታ ኪራይ ስንት እንደሆነ በውስጥ ጻፍልኝ እባክህ፣ ፋብሪካው ባልና ሚስት አንድ ሺፍት ላይ ያስገባል ወይ የሚለውንም ጠይቂልኝ ብላለች ሚስቱ፣ ልጆቹን ማን ይይዛል ብላ ነው።

ወሎዬ_ከፎልስ፦

ጻፍኩልሽ እዪው። አንድ ሺፍት ላይ ከመግባት ተቃራኒ ሺፍት ነው ሰው የሚመርጠው፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፣ ልጅ ማስያዣ የሚከፈለው ከታክሱ ሁሉ የበለጠ ነው። ሜዲኬይድም (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የመንግስት የጤና መድን) ይጠይቁ፣ በ2022 ህዝብ ድምፅ ሰጥቶ ስላሰፋው ከ2023 ሐምሌ ወዲህ ገቢው ዝቅ ያለ አዋቂ ሰውም ይገባል፣ ድሮ አይገባም ነበር። የክረምት ጃኬት ግን ከቨርጂኒያ ገዝተው እንዳይመጡ፣ የዚያ ጃኬት እዚህ ሹራብ ነው። ሉቨርን እወስዳቸዋለሁ፣ ሚኒሶታ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ነው፣ ልብስ ላይ ታክስ የለም።

የሒሳብ_ሰው (ኮምቦልቻ)፦

ልጄ በሕጉ ከሆነ ታክስ ሳይከፈልበት ከሌላ ስቴት ገዝተህ ሳውዝ ዳኮታ ያስገባኸው ዕቃ ላይ ዩዝ ታክስ አለብህ፣ ያው 4.2 እና የከተማው 2።

ወሎዬ_ከፎልስ፦

ጋሼ ጃኬቱን ለብሼው ነው የማቋርጠው!

ሚኒሶታ_ሐይቅ፦

ሃሃሃ፣ የሮቢቷ፣ ሉቨርን ድረስ ከመጡ ወደኛ ትንሽ ነው የሚቀራቸው፣ ቡና ሳይጠጡ እንዳይመለሱ። ስልኬን በውስጥ ልኬልሻለሁ ለሚስቱ ስጫት፣ የዚህኛውን ፋብሪካ ደሞዝም ታወዳድረው።